እስከ በሩ ድረስ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ በቅርቡ የሠራተኛ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ተመርጣለች። "ጋሼ፣ አጠገቤ የምትሰፋ ልጅ በሻይ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ስጠይቃት ምንም አልሆንኩም ትላለች። እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ምን ላድርጋት?" አለችኝ። አስቤበት እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

1988 ዓ.ም. ነው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ሽመና ክፍል ውስጥ እጁ የተባረከ አንድ ጎልማሳ ነበር። ሽመና ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲንኳኩ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጮህም አይሰማህም። ስለዚህ የምናወራው በእጅና በከንፈር ነበር። በዚያ ቋንቋ እሱን የሚያህል ተጫዋች አልነበረም። ጣጣው ከክፍሉ ሲወጣ ነው። ፎርማኑ ግቢ ውስጥ ሲጠራው ዞር ሳይል ይሄዳል። "ናቀኝ" አለ ፎርማኑ። አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ የዲሲፕሊን ኮሚቴ።

እኔ በሠራተኛው ወገን ተቀምጫለሁ። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበትን የያኔውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/85 ፊቴ ዘርግቻለሁ። ሰብሳቢው ከወረቀቱ ቀና ሳይል ይጠይቃል።

"አለቃህ ሲጠራህ ሰምተሃል?"

"አዎ።"

"ሆን ብለህ ነው ጥለኸው የሄድከው?"

"አዎ።"

"የምትጨምረው አለ?"

"አዎ" ብሎ ዝም አለ። የአስተዳደር ሰዎቹ ተያዩ። ሌሊቱን የተዘጋጀሁበት ክርክር ገደል ገባ፤ ሰውየው ተሰናበተ።

ስንወጣ ከፊቱ ከፊቱ እየሄድኩ እስከ ዋናው በር ድረስ ወረድኩበት። ልጆች የሉህም ወይ፣ ምን ዓይነት ትዕቢት ነው፣ እኔንም አዋረድከኝ፤ ያላልኩት የለም። እሱ ከኋላዬ ጸጥ ብሎ ይከተላል። በሩ ጋ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦኝ ሄደ። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ እንደሚቀር አውቃለሁ። "ራሱ አምኗል" ብዬ ፋይሉን መሳቢያ ከተትኩት፤ 3 ወሩም አለፈ።

ክፉዎች አልነበርንም። ሰው የሞተበት ሲኖር የደመወዝ ቀን በር ላይ ጠረጴዛ አውጥተን፣ ነጠላ ዘርግተን እናዋጣ ነበር። አንዴማ መዋጮው ተርፎ በግ ገዝተን ለቀስተኛውን ሁሉ አብልተናል። ለሞተ ሰው ጥሩምባ ይነፋል። ቆሞ ለሚቸገረው ግን ማን ይንፋለት?

ከ2 ዓመት በኋላ ባለቤቱን ገበያ አገኘኋት። ጆሮው ከደነቆረ ቆይቶ ኖሯል። ማሽኑ ነው የበላው። "ብቁ አይደለህም ብለው ያባርሩኛል" እያለ ደብቆን ነው። እኛ የእጅና የከንፈር ወሬው ሸፈነብን። በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ካሳ እንደሚከፈል ደግሞ እዚያው ቀይ ባሰመርኩበት አዋጅ ውስጥ አለ።

ለልጅቷ በማግስቱ ደወልኩላት። ቢሮ አትጥሪያት፣ ወረቀትም አትያዢ አልኳት። ሰርቪስ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጪ፤ የመጀመሪያ ቀን ምንም ባታወሩም ግድ የለም። ከነገረችሽ ሳታስፈቅጃት ለሊቀመንበሩም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትይ። ሕመም ከሆነና ሥራዬን አጣለሁ ብላ ከፈራች፣ የአሁኑን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አብራችሁ አንብቡት። የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች በሐኪም ማስረጃ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አላት፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ። ሐኪም ቤትም ብቻዋን አትስደጃት።

እናንተ የዛሬ ልጆች ሰው ተቸገረ ሲባል ቴሌግራም ላይ የልብ ምልክት ልካችሁ የረዳችሁ ይመስላችኋል። የሰው ችግር ግሩፕ ላይ አይወራም ባይ ነኝ። አምና ግን የእህቴ ልጅ ግሩፕ ለአንድ ባልደረባቸው የቤት ኪራይ በአንድ ማታ አዋጥቶ አደረ። እኛ ለዚያ 3 ስብሰባ እንቀመጥ ነበር።

ባለቤቱ ያን ቀን ገበያ ላይ ስንለያይ ያመሰገነችኝን ላክልበት። "የተሰናበተ ዕለት እቤት ገብቶ ምን አለኝ መሰለህ?" አለችኝ። "ሌላው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ ጸሐፊው ብቻ እስከ በሩ ድረስ እያጽናናኝ ሸኘኝ።"