ካልኮሳያናይቴ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ላልከው

ነጣ ያለው ድንጋይህ ሰማያዊ የሆነው ከአየሩ እርጥበት ስለጠጣ ነው። ስለዚህ መልኩ ስለተቀየረ ብቻ የውሸት ነው አትበል።

ካልኮሳያናይት ውሃ የሌለው የመዳብ ሰልፌት ነው። እንደ ቬሱቪየስና የካምቻትካው ቶልባቺክ ባሉ እሳተ ገሞራዎች፣ ትኩስ ጋዝ በሚወጣባቸው ስንጥቆች አፍ ላይ ይፈጠራል። እዚያ ሙቀቱ ያደርቀዋል። እርጥብ አየር ሲያገኝ ግን ካልካንታይት ወደሚባል ሰማያዊ ማዕድን ይለወጣል፤ የዚህኛው ክብደት 36 በመቶ ገደማ ውሃ ነው።

ብታሞቀው ውሃው ይወጣል፣ የድሮው ክሪስታል ግን አይመለስም። የሚተርፍህ ዱቄት ነው። ይልቅ ያልተለወጠውን ክፍል ዛሬውኑ አድን፦ አየር በማያስገባ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ዝጋበት።

አደራ፣ አቧራውን ላጽዳ ብለህ ውሃ እንዳታስነካው። እንዲህ ያሉ ናሙናዎች ሲታጠቡ አይቻለሁ፤ ዓይን እያየ ሟሙተው ያልቃሉ።