ፈተና ላይ ስለ ድንቅነሽ በመጻፌ ክጃለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ፈተና ላይ የሰውን ዝግመተ ለውጥ በማስረጃ አብራሩ ተባልን። እንደተማርኩት ስለ ድንቅነሽ ጻፍኩ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላም የለኝም። ጸሎተ ሃይማኖት ስጸልይ «ሰማይንና ምድርን በፈጠረ» የሚለው ላይ አፌ ይያዛል። ቅዱስ ቁርባን መቀበልም አቁሜያለሁ። ክጄ ይሆን? ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። እነሱ ሲጠይቁኝስ ምን ልበል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ። አልካድሽም። ፈተናው የጠየቀሽ ሳይንሱ ምን እንደሚል ነው፤ የተማርሽውን በታማኝነት መለስሽ። ሙሴ የግብፆችን ጥበብ ሁሉ ተምሮ ነበር (ሐዋ. 7፥22)። ዳንኤልም በባቢሎን የከለዳውያንን ትምህርት ተማረ። እምነቱን የፈተነው ትምህርቱ ሳይሆን ጸሎት ተው መባሉ ነው።

እኔን ያሳዘነኝ ከቁርባን መራቅሽ ነው። ማንም ሳይፈርድብሽ በራስሽ ላይ ፈርደሽ፣ ለራስሽ ቀኖና ሰጠሽ። ይህ ያንቺ ሥልጣን አይደለም። ንስሐ አባትሽ እያሉልሽ ለብቻሽ መጨነቅሽ ትክክል አልነበረም።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ ምንጭ ልምጣ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ይለያያሉ፤ ከሥሩ ያለው ስሕተት ግን አንድ ነው። እግዚአብሔር የሚሠራው እኛ ባልደረስንበት ቦታ ብቻ ይመስለናል። አንድ ነገር እንዴት እንደሆነ ሰው ሲያብራራልን፣ እግዚአብሔር ከዚያ ቦታ የተገፋ ይመስለናል። እንዲህ የሚያምን ሰው አዲስ ግኝት በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። መጽሐፍ በተገለጠ ቁጥር አምላኩ ያንስበታል።

እስቲ ስለ ራስሽ ልጠይቅሽ። አንቺን ማን ፈጠረሽ? እግዚአብሔር ትያለሽ፤ አትጠራጠሪም። ግን በእናትሽ ማኅፀን ምን እንደተካሄደ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ሴል ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ መሄዱን፣ ልብ በስንተኛው ሳምንት መምታት እንደሚጀምር ተምረሻል። ዳዊት ይህን ሁሉ ሳያውቅ «አቤቱ፥ አንተ ኵላሊቴን ፈጥረሃልና፥ በእናቴም ሆድ ሰውረኸኛል» አለ (መዝ. 138፥13)። ታዲያ አንቺ ስላወቅሽው የዳዊት ቃል ሐሰት ሆነ? አልትራሳውንድ ያየች እናት ልጄን እግዚአብሔር ሰጠኝ ማለቷን ተወች? አንዷም አልተወችም። ዘጠኙ ወር እግዚአብሔርን ካላስወጣው፣ ዘመኑ ስለረዘመ ብቻ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ «ምድር ታብቅል» የሚለው ትእዛዝ ያን ዕለት ብቻ ተነግሮ እንዳልቀረ፣ ምድርን እስከ ዛሬ እንደሚያሠራት አስተምሯል። ባስልዮስ ዝግመተ ለውጥን አስተማረ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ እያሉ አባቶችን ያላሉትን የሚያስብሉ ሰዎች አሉ፤ አልወድላቸውም። ባስልዮስ የሚነግረን የተፈጥሮ ሥርዓት ራሱ የእግዚአብሔር ቃል ሥራ መሆኑን ነው። የዘር ውርስን ሕግ የደረሰበት ሜንዴልም ካቶሊካዊ መነኩሴ ነበር። አተሩን የዘራው በገዳሙ ግቢ ነው።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። አንዳንድ ሰባኪ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ «አባታችሁ ዝንጀሮ ነው ወይ?» ይላል። ሕዝቡ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ሳይንሱ ግን ሰው ስሜን ተራራ ላይ ከምናየው ጭላዳ መጣ አይልም። ሰውና ቺምፓንዚ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው የሚለው። መቃወም የሚፈልግ ሰው እንኳ መጀመሪያ የተባለውን በትክክል ይስማ። ያልተባለውን ተባለ ማለት በሐሰት መመስከር ነው፤ ለሃይማኖት ተብሎም አይፈቀድም። ደግሞም ያ ሳቅ ከመሐል የቆመውን የባዮሎጂ ተማሪ ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣዋል።

የሚገርመኝ፣ ሥጋችን ከእንስሳት ጋር ይዛመዳል ሲባል መደንገጣችን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን መቼ ደበቁ? የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ነው ብለው አስተምረውናል። እንስሳቱም ከነዚያው ናቸው። ሰውን የሚለየው ነፍሱ ናት፤ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ አትሞትም። ኦሪትም «ሰውን ከምድር አፈር አበጀው» ብሎ ጀምሮ ነው የሕይወት እስትንፋስ እፍ እንዳለበት የሚነግረን (ዘፍ. 2፥7)። ክብራችን የጀመረው ከአፈሩ አልነበረም።

ስለዚህ የማይነቃነቀውን ያዢ። ሰው በአጋጣሚ የተገኘ ትርፍ ነገር አይደለም፤ እግዚአብሔር ፈልጎ፣ በአርአያውና በአምሳሉ ፈጥሮታል። ወድቋል። ዳግማዊው አዳም ክርስቶስ ሰው ሆኖ አድኖታል። መምህርሽ ክፍል ውስጥ «ሳይንስ ፈጣሪ አለመኖሩን አረጋግጧል» ቢል ያ የራሱ እምነት ነው። ነፍስን የሚመዝን ቤተ ሙከራ የለም። በአክብሮት ስሚው፤ ፈተናው ላይ ግን ያንን ከጠየቀሽ አይሆንም በዪ።

ዓመቱስ? ትዪኝ ይሆናል። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይባላል። በዲኪካ አጽሟ የተገኘችው ሕፃን ሰላም በዘመን ትበልጣታለች። እነሱንስ ተመራማሪዎቹም እንደኛ ያለ ሰው ናቸው አይሉም። ኦሞ ኪቢሽና ሄርቶ የተገኙት ግን እንደኛ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የሄርቶዎቹ ብቻ ወደ 160,000 ዓመት ይጠጋሉ። ይህ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ከምንቆጥረው 5500 ዘመን ጋር አይገጥምም። ይገጥማል ብዬ ላለባብስብሽ አልፈልግም።

ቤተ ክርስቲያን 5500 የምትለው ግን ለምንድን ነው? ለአዳም የተሰጠውን ተስፋ ለመቁጠር ነው። በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ አለው። በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና፣ አባቶች ዘመኑን በዚህ ቆጠሩ። ቁጥሩ የሚጠብቅ ሕዝብ ቁጥር ነው። መስከረም 1 ቀን ባሕረ ሐሳቡ ሲወጣ እኔም በደስታ እቆጥራለሁ። በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ግን የዓመት ቁጥር አላስቀመጡልንም። የአጥንቱ ዘመን ከቁጥሩ ጋር እንዴት እንደሚታይ ሊቃውንቱ በእርጋታ ይነጋገሩበት። አንቺ ዛሬ ማታ መፍታት የለብሽም፤ እስኪፈታ ብለሽም ከጌታ ማዕድ አትቅሪ።

ከአጥንቱ ይልቅ ሊያስፈራን የሚገባ ነገር አለ። ዳዊት «ሰው ግን ክቡር ሆኖ አያውቅም፥ እንደሚጠፉ እንስሶች መሰለ» ይላል። ወደ እንስሳነት የሚያወርደን የጥንት ዘመዳችን ማንነት ሳይሆን የዛሬ ሥራችን ነው። ጠዋት ስለ አዳም አጥብቆ ተከራክሮ፣ ከሰዓት የጎረቤቱን ዘር እየጠራ የሚሳደብ ሰው አለ። ይሄ ሰው በአዳም አምኗል? ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደፈጠረ ሰብኳል (ሐዋ. 17፥26)። ያንቺ ትምህርትም የሰው ልጅ ሁሉ የቅርብ ዘመድ ነው ይላል። እዚህ ላይ እንኳ ተስማምተን አንኖርበትም! በአዳም የሚያምን ሰው ከሰፈሩ የተፈናቀለውን አይቶ የማን ወገን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ለሕፃናቱ ሥነ ፍጥረትን ቤተ ክርስቲያን እንደምታነበው አስተምሪ፤ የእሑዱን ፍጥረት በእሑድ፣ የዓርቡን በዓርብ። ስለ ድንቅነሽ ሲጠይቁሽ አትቆጫቸው። የት እንደተገኘች፣ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ንገሪያቸው። አጥንቷን እግዚአብሔር እንደሚያውቀው፣ እነሱን ደግሞ በስማቸው እንደሚጠራቸው ጨምሪላቸው። የከበደሽን ጥያቄ «ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ብለሽ እውነትም ጠይቂ። በተመራማሪዎቹ ላይ ግን አታስቂያቸው፤ ሰላምን ያገኘው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የአገራችን ልጅ ነው፣ ከሕፃናቱም መካከል ነገ እንደሱ የሚቆፍር ይኖራል።

በዚህ ሳምንት ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂና የጻፍሽልኝን እንዳለ ንገሪያቸው። ከፈቀዱልሽ ለእሑድ ተዘጋጂ።