ጸበል ልገባ ነው፤ መድኃኒቴን ላቁመው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወለተ ጊዮርጊስ ነኝ፣ ከደብረ ሲና። የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ክኒን እውጣለሁ። አሁን ጻድቃኔ ማርያም ሁለት ሱባዔ ልይዝ ነው። አብራኝ የምትሄደው አክስቴ «ክኒንና ጸበል አብረው አይሄዱም፤ በሙሉ ልብሽ ግቢ፤ እገሊት የዳነችው ክኒኑን ጥላ ነው» እያለች ልቤን ከፈለችው። ለሁለት ሳምንት ብቻ ባቆመው ምን አለበት? ደግሞም መቁረብ እፈልጋለሁ፤ የክኒኑ ሰዓት ግን ያስቸግረኛል።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አታቁሚው። ሁለት ሳምንት ቀርቶ ሁለት ቀንም አታቁሚው።

የጸበሉን ሥርዓት ታውቂዋለሽና ወደዚያ አልገባም። አክስትሽ ያለችውን ግን ከጻድቃኔም ከሸንኮራ ዮሐንስም የሚመለሱ ምእመናን ደጋግመው ይጠይቁኛል። አባባላቸው ሲፈታ እንዲህ ነው፦ «እግዚአብሔር የሚፈውሰው መድኃኒቱ ሲጣል ነው፤ ክኒን የዋጠ ተጠራጥሯል»። ላይ ላዩን ሲያዩት ታላቅ እምነት ይመስላል። ውስጡ ግን «ክኒን ካለ አምላክ አይሠራም» ማለት ነው፤ እንዲህ ብሎ እግዚአብሔርን የሚወስነው ማን ነው?

ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢው። ለሞት ታሞ ሳለ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም በነቢዩ አፍ 15 ዓመት እንደጨመረለት ነገረው (ኢሳ. 38፥5)። ተስፋው ተሰጥቷል፤ የተናገረውም ራሱ እግዚአብሔር ነው። ያው ነቢይ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እባጩ ላይ አድርጉበት አለ (ኢሳ. 38፥21)። ሕዝቅያስ «አምላክ ቃል ከገባልኝ በለሱ ለምኔ?» አላለም። በለሱን በመቀበሉ እምነቱ ጎደለ የሚል አንባቢም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሲራክም ጌታ መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይም እንደማይንቀው ይነግረናል (ሲራ. 38፥4)። «ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል» ያለው ማን እንደነበረ፣ እርሱም ጥቅስ ይዞ እንደመጣ ለአክስትሽ አስታውሻት (ማቴ. 4፥6)።

አሁን ወደ እገሊት እንምጣ። ይህ ወሬ የሚጸናው ክኒኑን ያቆመ ሰው ወዲያው ስለማይታመም ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይባዛ አስሮ ይይዘዋል እንጂ ከሰውነት ጠራርጎ አያወጣውም፤ በሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ክኒኑ ሲቆም ቫይረሱ በደም ውስጥ ተመልሶ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሕመሙ እስኪገለጥ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱ ሱባዔ በጤና ያልፋሉ። ጸበልተኛዋ በ14ኛው ቀን ቆማ «ይኸው ክኒን ሳልውጥ ዳንኩ» ብላ ትመሰክራለች፤ ሰው እልል ይላል። ስትታመም ግን ቤቷ ናት፤ እልል ያለው ሰው አያያትም። ምስክርነቱ ተሰምቶ መዘዙ ሳይሰማ ይቀራል። እያቆሙ እየጀመሩ መውሰድም ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለማመድ መንገድ ይከፍትለታል፤ ያን ጊዜ ወደ ሌላና ወደ ከበደ መድኃኒት መሄድ ይመጣል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ደግሞ በድንገት ሲያቆም ጉበቱ ሊቆጣበት ይችላል፤ ከክኒኑ ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንንም ቫይረስ አፍነው የያዙ ናቸውና።

ሌላው ማሳሳቻ የምርመራ ወረቀት ነው። የቫይረሱ መጠን ሲለካ «አልታየም» ተብሎ ሲመጣ ብዙዎች «ነጻ ወጣሁ» ብለው ክኒኑን ይጥላሉ። ያ ውጤት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ደስ ይበልሽ፣ አመስግኚ፣ ክኒኑን ግን ዋጪ። ተፈውሻለሁ ብሎ የሚያምን ካለ ጌታ ለምጻሞቹን «ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ብሏቸዋል (ሉቃ. 17፥14)። በሕጉ መሠረት ለምጽ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበር፤ ለምጻሙ ስለ ራሱ አይፈርድም ነበር። ዛሬ ይህን መርምሮ የሚናገረው ሐኪም ነው። የሚመረመሩትም ክኒኑን ሳያቋርጡ ነው።

አጥማቂም ሆነ ባሕታዊ «መድኃኒትሽን ጣዪ» የማለት ሥልጣን የለውም። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አብሮ መውሰዱም ኃጢአት እንዳልሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። ከዚህ በኋላ የሚከራከር ካለ ክርክሩ ከአንቺ ጋር አይደለም።

ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። ጸበል የሚጠጣው ጠዋት በባዶ ሆድ ነው፤ በብዛት ሲጠጣም ያስመልሳል፤ ስለዚህ ክኒኑ ከጸበሉ በፊት አይሁን። የአንቺ የማታ ሁለት ሰዓት ለሱባዔው ተስማሚ ነው። ከዋጥሽ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ሌላ ዋጪ፤ ለዚህም ከ14ቱ በላይ ጥቂት ክኒን ይዘሽ ሂጂ። ቀጠሮሽ ከሱባዔው መካከል የሚውል ከሆነ አስቀድመሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተረከቢ። ከብልቃጡ አውጥተሽ በፌስታል አትቋጥሪው፤ እርጥብ ነጠላና ልብስ አጠገብም አታኑሪው፤ እርጥበት ያበላሸዋል። የሰው ዓይን ከፈራሽ ማደሪያሽ ውስጥ ዋጪ፤ የመታየት ግዴታ የለብሽም። አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን ምግብ አይጠይቅምና ጾሙም አያግድሽም። ለጨጓራ የሚወሰድ የአሲድ ማብረጃ ካለሽ ግን ክኒኑን ከእርሱ 2 ሰዓት አስቀድመሽ ወይም 6 ሰዓት አዘግይተሽ ውሰጂ፤ አብረው ከገቡ የክኒኑን ኃይል ያደክመዋል።

ማደሪያው በሰው ይጨናነቃል። ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው ሳንባ ነቀርሳ ይፈጥንበታል፤ ከሚያስል ሰው ራቅ ብለሽ፣ አየር በሚገባበት በኩል ተኚ። አንቺ ካሳለሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ አትጠብቂ፤ አክታሽን አስመርምሪ። የጻድቃኔን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ተጠምቀሽ እንደወጣሽ ደረቅ ልብስ ቀይሪ።

ስለ ቁርባኑ። በእሑድ ቅዳሴ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የምትቆርቢ ከሆነ ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት የሚቆጠረው ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው፤ የማታው ክኒንሽ መካከሉ ይገባል። በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከቆረብሽ ግን የዋዜማው ክኒን ከ18ቱ ሰዓት ውጭ ነው፤ ችግር የለም። ለእሑዱ ሁለት መንገድ አለ፦ አንዱ ከጤና ባለሙያሽ ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ለዘለቄታው ወደ ቀን፣ ለምሳሌ ወደ ሰባት ሰዓት ማዞር ነው፤ ያን ጊዜ ቅዳሜ በሰባት የዋጥሽው እስከ እሑድ ሦስት ሰዓት 20 ሰዓት ይሞላዋል። ሰዓቱ የማይዞርልሽ ከሆነ ነገሩን እንዳለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ የታመመ ሰው ጾም በእርሳቸው ይመዘናል። ለመቁረብ ብለሽ ግን ክኒን አትዝለዪ። የዘለልሽ እንደሆነ ባስታወስሽ ጊዜ ያንኑ አንዱን ዋጪ፤ የሚቀጥለው ሊደርስ አራት ሰዓት ያልሞላ ከቀረው ያለፈውን ተዪና በሰዓቱ ቀጥዪ፤ ሁለት ደርበሽ አትዋጪ።