የጠንቋይዋ ጥቁር ቀሚስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ «ዊክድ» ፊልም አልባሳት ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው አላባራም። ለማያውቅ፦ ነገሩ የመጣው ከፍራንክ ባውም የልጆች መጽሐፍና «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ከተባለው የ1939 ፊልም ነው። ዶሮቲ የምትባል ልጅ በአውሎ ነፋስ ከነቤቷ ተወስዳ ኦዝ በሚባል አገር ትወድቃለች፤ እዚያ ክፉ ጠንቋይ ታሳድዳታለች። «ዊክድ» ደግሞ የዚያችን ጠንቋይ ታሪክ ከራሷ ወገን ይተርካል፤ ስሟንም ኤልፋባ ይላታል። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የአዳማ አንባቢ ከጓደኛው ጋር ተወራርዷል። የዶሮቲ ጫማ ቀይ ነው ወይስ የብር?

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በ1900 በወጣው የፍራንክ ባውም መጽሐፍ የብር ነው። በ1939ኙ ፊልም ቀይ የሆነው ቴክኒከለር በሚባለው የቀለም ፊልም ዘዴ ቀይ ደምቆ ስለሚታይ ነው። ብሩን ተካፈሉት።

ሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። የአስራ አንድ ዓመት ልጇ በትምህርት ቤት ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ ጠንቋይዋን እንድትሆን ተመርጣለች። ፊቷን አረንጓዴ በምን እንቀባት? ልጅቷ ችፌ ቢጤ እንዳለባት መጨረሻ ላይ ጣል አድርጋለች።

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሽው መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። ችፌ ያለበት ፊት ላይ የቆዳ ሐኪም ሳያየው ምንም አይቀባም። ለወጉ የምለው አይደለም። ቀጠሮ ያዢ፤ የምትገዢውንም ቀለም ከነዕቃው ይዘሽ ሂጂ።

አረንጓዴው ፊት ዋጋ አስከፍሏል። የ1939ኟ ጠንቋይ ማርጋሬት ሃሚልተን የተቀባችው ሜካፕ መዳብ ነበረበት። ታኅሣሥ 23 ቀን 1938 በእሳትና በጭስ የምትሰወርበት ትዕይንት ሲቀረጽ እሳቱ ቀድሞ ተነሳ። ፊቷና እጇ ተቃጠለ። መዳቡ ወደ ቁስሉ እንዳይገባ ደግሞ ሜካፑን በአልኮል መጥረግ ግድ ሆነ። የተቃጠለ ፊት በአልኮል! ወደ ሥራ የተመለሰችው ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ እሳት ያለበት ትዕይንት አልሠራም አለች። ማን ይፈርድባታል?

ዛሬ ለፊት ተብሎ የሚሸጠው ቀለም እንደዚያ አይደለም። ቢሆንም ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላም ክንዷ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። የሥዕልና የግድግዳ ቀለም ደግሞ በጭራሽ። ሐኪሙ እምቢ ካለ አትዘኑ። በመጽሐፉ ላይ ጠንቋይዋ አረንጓዴ አይደለችም፤ አንድ ዓይና ናት፣ የምትይዘውም ጃንጥላ ነው። አንድ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍኚላት፣ ጃንጥላ አስይዣት። ከሁሉም በፊት የነበረችው ጠንቋይ እሷ ናት።

ከባሕር ዳር፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ክፉዋ ሁሌ ጥቁር፣ ደጓ ሁሌ ነጭና ሮዝ የምትለብሰው ለምንድን ነው? ልጆቻችን ምን ይማራሉ? ይላሉ፤ ቆጣ ብለዋል።

ጋሼ፣ ቁጣዎ ይገባኛል። እኔንም ወደ ልብስ ሥራ የጎተተኝ ይሄው ጥያቄ ነው።

ጥቁሩ ልብስ ከጥንት የመጣ የመጽሐፉ ትእዛዝ አይደለም። የመጽሐፉ ሠዓሊ ዴንስሎው የሳላት ጠንቋይ አንድ ዓይኗ የተሸፈነ፣ ጸጉሯ ሦስት ቦታ የተጎነጎነ፣ ለሳቅ የቀረበች አሮጊት ናት። ለ1939ኙ ፊልም መጀመሪያ የታጨችው ጌል ሶንደርጋርድ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ቆንጆ ጠንቋይ ሆና ተሞክራ ነበር። አይ፣ አስቀያሚ ትሁን ሲባል ጥላ ሄደች። ሃሚልተን በቦታዋ ገባች። የአልባሳት ንድፍ አውጪው አድሪያን የሆሊውድን ኮከቦች በማሽሞንሞን የታወቀ ሰው ነው። ለዚህች ሴት ግን ጌጡን ሁሉ ነሳት። እስከ አንገት የተዘጋ ጥቁር ቀሚስ፣ ሰፊ ካባ፣ ሹል ቆብ፤ በቃ። ገና ስትታይ ከነሙሉ ክፋቷ ትመጣለች። ከየት መጣች፣ ማን አስከፋት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የ1939ኙን ፊልም ያየሁት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ የምታየው ልብሱንና ፊታቸውን ነው። የዶሮቲ ቤት በጠንቋይዋ እህት ላይ ወድቆ እግሯ ብቻ ከሥሩ ይታያል። ጥቁር የለበሰችው ሴት እየጮኸች መጣች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ውይ! እህቷ ናት እንዴ?» አለች። የሟቿን ጫማ ለዶሮቲ ሲያጠልቁላት ደግሞ «ምን ጉዶች ናቸው!» ብላ ተቆጣች። እናቴ ያየችው ጠንቋይ አልነበረም። ያየችው እህቷ የሞተባት ሀዘንተኛ ነው። እኛ አገር እህቷ የሞተባት ሴት ሌላ ምን ትለብሳለች?

ከዚያ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ይሄን ጥቁር ቀሚስ በየራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። በ1975 በኒው ዮርኩ የቴአትር መንደር ብሮድዌይ ላይ የወጣው «ዘ ዊዝ» ይሄንኑ ታሪክ በሙዚቃ የሚያቀርብ ነው፤ ተዋንያኑ በሙሉ ጥቁሮች ናቸው። ያዘጋጀውም አልባሳቱን የነደፈውም ጄፍሪ ሆልደር ነው፤ ለሁለቱም ቶኒ የሚባለውን የአሜሪካ ቴአትር ሽልማት ወስዷል። እዚያ መድረክ ላይ ክፋት በቆዳ ቀለም ሊታወቅ አይችልም። ሜብል ኪንግ የተጫወተቻት ክፉዋ ጠንቋይ ኤቪሊን በ«ዘ ዊዝ» የ1978 ፊልም ሠራተኞቿን የምታስጨንቅ የፋብሪካ ባለቤት ናት፤ ልብሷም ጌጥ በጌጥ ላይ የተጫነበት ነው። ጥጋቧን ነው የለበሰችው።

በ2003 «ዊክድ» በመጀመሪያ በመድረክ መጣ። የመድረኩን አልባሳት የሠራችው ሱዛን ሂልፈርቲ ናት። እዚህ ኤልፋባ ልብሷን አንድ በአንድ ስትለብስ እናያለን። ሹሉን ቆብ በኋላ ደጓ ጠንቋይ የምትባለው ግሊንዳ ናት የሰጠቻት፣ ሰው እንዲስቅባት ብላ። ኤልፋባ ስጦታ መስሏት ደስ ብሏት አድርጋው ወደ ጭፈራው ትገባለች። ሁሉም ዝም ብሎ ያያታል። እኔ ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ያ የክፋት ምልክት የምንለው ቆብ አንዲት ልጅ የተዋረደችበት ቆብ ነው። ካባውና መጥረጊያው የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

እና ጋሼ፣ ልጆቹ ይዩት። ግን አብረዋቸው ይቀመጡና «ይሄን ልብስ ማን አለበሳት?» ብለው ይጠይቋቸው።

መርካቶ ልብስ የሚሰፋ ወጣት ነው። ለአንድ የቴአትር ክበብ የጠንቋይ ቀሚስ ሰፍቶ መድረክ ላይ «ጥቁር ጉድጓድ» መሰለበት።

አንድ ጣቃ ጥቁር ፖሊስተር ገዝተህ በእሱ ብቻ ሰፍተኸዋል፤ ተሳሳትኩ? ወንድሜ፣ ጥቁር ብርሃን ይውጣል። መድረክ ላይ አንድ ጥቁር ብቻውን አይታይም። ሦስት ዓይነት ጥቁር ቀላቅል። ከፋይ ብርሃኑን ይጠጣል፣ ሳቲን መልሶ ይወረውራል፣ ስስ ጨርቅ ያሳልፋል። በመሃላቸው ጥቁር አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅና ቡኒ አስገባ። ከሩቅ ጥቁር ነው፤ ስትራመድ ግን ይንቀሳቀሳል። ሂልፈርቲ በመድረኩ «ዊክድ» ለሁለተኛው ክፍል ቀሚስ ያደረገችው ይሄን ነው። የመሬትን ንብርብሮች፣ አለትና ማዕድን አስባ ጨርቁን በንብርብር ሠራችው።

ለ2024ቱ የ«ዊክድ» ፊልም አልባሳቱን የነደፈው ፖል ታዝዌል ደግሞ ከእንጉዳይ ተነሳ። ክረምት ላይ እንጉዳይ ስታገኝ ገልብጠህ እየው። ከጃንጥላው ሥር ያለው ስስ ሽንሽን ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር ይበተናል። አንዱ ከሌላው ጋር አይነካካም፣ ብርሃንም በመሃሉ ይገባል። የኤልፋባ ቀሚስ ሽንሽን ከዚያ የመጣ ነው። ታዝዌል በ2015 ለቴሌቪዥን በቀረበው «ዘ ዊዝ» ኤቪሊንን ያለበሰ ሰው ነው፤ በ2025 በአልባሳት ንድፍ ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። በፊልሙ ኤልፋባን የምትጫወተው ሲንቲያ ኢሪቮ ጸጉሯን ቀጭን ሹሩባ ተሠርታለች፤ ይሄን የፈለገችው ራሷ ናት። አንተም ከመቁረጥህ በፊት ተዋናይዋን አነጋግር።

አንዲት አንባቢ ደግሞ፦ የፊልሙን ልብስ አስመስዬ ሰፍቼ፣ በፊልሙ ስም ብሸጥስ?

የሕግ ባለሙያ ጠይቂ።

የመጨረሻው ከቴል አቪቭ ነው። በድሮው ፊልም ዶሮቲ ውሃ ደፍታባት ጠንቋይዋ ስትቀልጥ ልብሷ ለምን አብሮ አይቀልጥም?

ዘዴው ቀላል ነው። ሃሚልተን የቆመችው ወደ ታች በሚወርድ መድረክ ላይ ነበር። ቀሚሱ ከወለሉ ጋር ተያይዟል፣ ጭሱ ከደረቅ በረዶ ነው። እሷ ስትወርድ ልብሱ ባዶውን ይቀራል።

የ2024ቱ ፊልም የሚጀምረው ከዚያው ቦታ ነው። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ቆቡ ወድቋል፣ ሰው የለም። ቀጥሎ ግሊንዳ ሮዝ ለብሳ፣ ሕዝቡ እየጨፈረ፣ የጠንቋይዋን መሞት ታበስራለች። ቆቡን ማን እንደሰጣት ከሕዝቡ አንድም ሰው አያውቅም።