ዲያኒ ላይ ቤት ልንገዛ ነው፤ በማን ስም ይሁን?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ እንኖራለን። ሁለታችንም የአሜሪካ ዜግነት አለን። ባለፈው ጥር ለዕረፍት ኬንያ፣ ዲያኒ ሄደን ከተማዋን በጣም ወደድናት። እዚያ የተዋወቅነው ደላላ ሁለት ነገር አሳየን። አንዱ ከባሕሩ ገባ ብሎ እየተሠራ ያለ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። ሌላው ባሕሩ ላይ ያለ ግማሽ ኤከር መሬት ነው። “ፍሪሆልድ ነው፣ የዘላለም ነው” አለን። የውጭ ዜጋ ስለሆናችሁ ጣጣ እንዳይበዛ በምታምኑት ኬንያዊ ስም ይሁን፣ እናንተ የጎን ውል ትይዛላችሁ ብሎ መከረን። ናይሮቢ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ሚስቱ ኬንያዊት ናት፤ በእሷ ስም ለማድረግ እያሰብን ነው። ደላላው 10,000 ዶላር ቀብድ እስከ ዓርብ ካልላካችሁ ሌላ ገዥ አለ ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ? (ሰ. ከሜሪላንድ)

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እስከ ዓርብ ምንም አይላኩ። ሌላ ገዥ ካለ ይግዛው። ገና መዝገቡ ያልታየ መሬት ላይ ቀብድ መክፈል ገንዘቡን ለደላላው መስጠት ማለት ነው።

እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ የምሠራ ጠበቃ ነኝ፤ ኬንያ ፍርድ ቤት አልቆምም። ስለዚህ የኬንያ ጠበቃ መያዝዎ የግድ ነው። ግን ጠበቃው ዘንድ ሲሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ልነግርዎ እችላለሁ።

“የዘላለም ነው” ከሚለው ልጀምር። በኬንያ ሕግ የውጭ ዜጋ የዘላለም መሬት የለውም። በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠቅሰው) የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 የኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት መያዝ የሚችለው በሊዝ ብቻ ነው ይላል። ሊዙም ከ99 ዓመት አይበልጥም። ሻጩ እውነተኛ ፍሪሆልድ ቢኖረው እንኳ ወደ እርስዎ ሲዞር ሕጉ የ99 ዓመት ሊዝ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ቢገዛም ያው ነው፤ ጎረቤትነት ለውጥ አያመጣም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎም እዚያ አይሠራም።

ይህ ግን ሊያስደነግጥዎ አይገባም። እኛም አገር የከተማ ቦታ በሊዝ ነው የሚያዘው። 99 ዓመት ለእርስዎም ለልጆችዎም ይበቃል። የሚያሳስበኝ ደላላው እርስዎ ሊኖርዎ የማይችለውን መብት በዋጋ ውስጥ አስገብቶ እየሸጠልዎ መሆኑ ነው። ቀድሞውንም ሊዝ የሆነ ንብረት ከገዙ ደግሞ ሊዙ መቼ እንደጀመረ ይጠይቁ። ቆጠራው እርስዎ ከገዙበት ቀን አይነሳም። በ1980 የተሰጠ የ99 ዓመት ሊዝ የሚያበቃው በ2079 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ በማን ስም ወደሚለው ልምጣ። በአክስትዎ ልጅ ሚስት ስም አይግዙ። እሷን ክፉ ሰው ናት ማለቴ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች። ግን መዝገቡ ላይ ስሟ ያለው እሷ ከሆነች በሕግ ፊት ባለቤቷ እሷ ናት። ነገ ትዳሩ ቢፈርስ መሬቱ ክርክር ውስጥ ይገባል። ብትታመምና ብታልፍ ወራሾቿ ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ እርስዎን አያውቁዎትም። የባንክ ዕዳ ቢኖርባት አበዳሪው የሚያየው መዝገቡን ነው።

“የጎን ውሉ አለኝ” ይሉኝ ይሆናል። ያ ውል የተጻፈው ሕገ መንግሥቱ የከለከለውን ለማግኘት ነው። ፍርድ ቤት ይዘውት ቢቀርቡ ሕግ ለመሸሽ መስማማትዎን ራስዎ ማስረዳትዎ ነው። አንቀጽ 65 ደግሞ ይህን መንገድ አስቀድሞ ዘግቶታል። በአደራ የተያዘ መሬት የዜጋ ነው የሚባለው ከመሬቱ የሚጠቀሙት ሁሉ ዜጎች ከሆኑ ብቻ ነው። ኩባንያም ዜጋ የሚሆነው አክሲዮኑ በሙሉ የኬንያውያን ሲሆን ነው። አንድ አክሲዮን በእርስዎ ስም ቢኖር ኩባንያው እንደ ውጭ ዜጋ ይቆጠራል። ስለዚህ “ኩባንያ እናቋቁም” የሚል ሁለተኛ ምክር ከመጣም መልስዎ ያው ይሁን። ሕጉ በራስዎ ስም 99 ዓመት እየሰጠዎ በሰው ስም መደበቅ ለምን ያስፈልጋል?

የባሕር ዳሩ መሬት ሌላም ችግር አለበት። የኬንያ የመሬት ሕግ ባሕሩ ሞልቶ ከሚደርስበት መስመር ጀምሮ ያሉትን የመጀመሪያና የሁለተኛ ረድፍ ቦታዎች ቁጥጥር የሚደረግበት መሬት ይላቸዋል። እንዲህ ያለውን ቦታ ለውጭ ዜጋ ለማስተላለፍ አስቀድሞ የሚኒስትሩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደላላዎ ይህን ነግሮዎታል? በጥያቄዎ ውስጥ አላየሁትም። መሬቱ በመዝገብ የእርሻ መሬት ተብሎ ተይዞ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የእርሻ መሬት ለውጭ ዜጋ የሚተላለፈው ፕሬዚዳንቱ ነፃ ካደረጉት ብቻ ነው። ዲያኒ ያለችበት የክዋሌ ካውንቲ ሰፊ የእርሻ መሬት ስላለው የመሬቱ አገልግሎት ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ሳያዩ አይፈርሙ። አሸዋውንም ማንም ሊሸጥልዎ አይችልም። ባሕሩ ሞልቶ ከሚደርስበት እስከሚጎድልበት ያለው መሬት በሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍርድ በዝርዝር ልንገርዎ፤ ባሕር ዳር መሬት የሚገዛ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ዲና ማኔጅመንት የተባለ ኩባንያ ሞምባሳ፣ ንያሊ ውስጥ ባሕር ዳር መሬት ነበረው። ገዝቶ፣ በስሙ አዛውሮ፣ ታይትል ዲዱን (የባለቤትነት ማረጋገጫ ወረቀቱን) ይዞ አጥር አጥሮ ተቀምጧል። በ2017 የሞምባሳ ካውንቲ አስተዳደር ገብቶ ግንቡን አፈረሰው። ቦታው ሕዝብ ወደ ባሕሩ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ነው አለ። ኩባንያው ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በሚያዝያ 2023 ውሳኔ አገኘ። ኩባንያው ተሸነፈ።

ለምን ተሸነፈ? መሬቱ መጀመሪያ የተሰጠው በ1989 ለወቅቱ ፕሬዚዳንት ለዳንኤል አራፕ ሞይ ነበር። ፍርድ ቤቱ አሰጣጡ ሕጉን የተከተለ አልነበረም አለ። መነሻው የተበላሸ ከሆነ ከዚያ በኋላ የተደረገው ዝውውር አያድነውም። “እኔ በቅን ልቦና ነው የገዛሁት” የሚለው መከራከሪያም አልጠቀመም። ታይትል ዲድ የአንድ ሂደት ማብቂያ ወረቀት ነው፤ ከጀርባው ያለው ሂደት ካልተስተካከለ ወረቀቱ ብቻውን አይቆምም።

ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው? ጠበቃዎ የዛሬውን ባለቤት ስም አይቶ “ንጹሕ ነው” ቢል አይበቃም። መሬቱ መጀመሪያ ለማን፣ መቼ፣ በምን ውሳኔ እንደተሰጠ እስከ ሥሩ ወርዶ እንዲያይልዎ ይጠይቁ። በጽሑፍ ይስጥዎ። “ያንን ማንም አያየውም” የሚል ጠበቃ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

የመጀመሪያው ሥራ የመዝገብ ፍተሻ ነው። እኛ “ከዕዳና እገዳ ነፃ” የምንለው ማረጋገጫ እዚያም አለ። መዝገቡ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ስለ መሬቱ ስፋትና ፍሪሆልድ ወይም ሊዝ ስለመሆኑ ተጽፏል። ሁለተኛው ባለቤቱን ይነግርዎታል። ዓይንዎ የሚቆየው ሦስተኛው ላይ ይሁን፤ የባንክ መያዣ፣ እገዳ፣ “እኔም መብት አለኝ” ያለ ሰው ያስመዘገበው ማስጠንቀቂያ ሁሉ እዚያ ነው የሚገኘው። ደላላው ፎቶ አንሥቶ በዋትስአፕ የላከልዎትን አይመኑ። ጠበቃዎ ራሱ ያውጣው። ውል ሲፈረም አንድ ጊዜ፣ ቀሪው ገንዘብ ሊለቀቅ ሲል ደግሞ እንደገና።

ወረቀቱ የማያሳይዎ ነገርም አለ። በቦታው ላይ ማን እንዳለ ሄደው ይዩ። በኬንያ ሕግ አንድ ሰው የሌላ ሰው መሬት ላይ 12 ዓመት በግልጽና ያለማቋረጥ ከተቀመጠ ባለቤትነት ሊጠይቅ ይችላል። በባሕር ዳርቻው አካባቢ የመሬት ቅሬታ የቆየ ነው፤ ታይትል ሳይኖራቸው ለትውልድ የኖሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሞምባሳ ውስጥ ቤቱ የአንዱ፣ ከሥሩ ያለው መሬት የሌላው የሆነባቸው ሰፈሮችም አሉ። ስለዚህ ግማሽ ኤከሩ ላይ የበቀለውን ኮኮናት ማን እንደሚለቅመው ጎረቤት ይጠይቁ። ካሳቫ ተተክሎ ካዩ የተከለው ማን እንደሆነ ይወቁ። እነዚያን ሰዎች በገንዘብ ኃይል ከኖሩበት የማስነሣት ነገር ውስጥ እንዳይገቡ አደራ እላለሁ፤ ይህንን እንደ ጠበቃም እንደ ሰውም ነው የምለው። የራስዎ ቀያሽ ወስደው የድንበር ድንጋዮቹን ያስለኩ።

ደግሞ በጥር ያዩትን ዲያኒ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ተመልሰው ይዩት። ዋናው ዝናብ የሚወርደው ያኔ ነው። መንገዱ ያስገባ እንደሆነ፣ ውኃ የሚተኛው የት እንደሆነ ያኔ ይታያል። ፀሐይ በወጣበት ሳምንት የማያምር ባሕር ዳር የለም።

እኔ ብጠየቅ አፓርታማው ላይ ባተኩር እመርጣለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ውጭ መሆኑ በቀያሽ ከተረጋገጠ የሚኒስትሩ ፈቃድ ጥያቄ አይነሳም። በ2020 የወጣው የጋራ ሕንፃ ሕግም ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ታይትል እንዲወጣለት ያደርጋል። አልሚው ይህን ለማውጣት ግዴታ መግባቱ በውሉ ላይ ይስፈር። ግን ገና እየተሠራ ያለ ቤት ነው። መሬቱ በባንክ ተይዞ እንደሆነ በመዝገቡ ይታያል። ተይዞ ከሆነ ባንኩ የእርስዎን ቤት ከመያዣው ነፃ እንደሚያደርግ በጽሑፍ ካላረጋገጠ አይክፈሉ። ክፍያውም በግንባታው ደረጃ ይከፋፈል፤ ጣሪያ ሳይወጣ የጣሪያ ገንዘብ አይሰጥም።

ስለ ገንዘቡ አከፋፈል። በኬንያ የተለመደው ቀብድ ከዋጋው 10 በመቶ ነው። የሚከፈለው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ገንዘቡ ወደ ደላላው ኪስ ሳይሆን ወደ ጠበቃ የደንበኞች ሒሳብ ነው የሚገባው። ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ በ90 ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል። የመሬት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ፣ ተዋዋዮቹ ካልፈረሙበትና በምስክር ፊት ካልተፈረመ አይጸናም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅ። የእርስዎ ጠበቃና የሻጩ ጠበቃ አንድ ሰው መሆን የለበትም። ጠበቃው የዘንድሮ ፈቃድ እንዳለው የኬንያ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በስም ፈልገው ማየት ይችላሉ። ለዘመድ ጠቅላላ ውክልና የመስጠት ልማዳችንን ግን እዚህ ይተዉት። ውክልና የግድ ከሆነ ለዚህ ንብረት ብቻ የሚሆን ልዩ ውክልና ይስጡ፤ ቤቱን መሸጥና ገንዘብ መቀበል የሚል ቃል አይግባበት።

ወጪውንም ከወዲሁ ያስሉ። የቴምብር ቀረጥ በከተማ 4 በመቶ፣ በገጠር 2 በመቶ ነው፤ የሚከፍለው ገዥው ነው። ቤቱን ካከራዩት በኬንያ ነዋሪ ያልሆነ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ላይ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ደላላው ያሳየዎት የኪራይ ገቢ ስሌት ውስጥ ይህ መኖሩን ይዩ። አንድ ቀን ሲሸጡት በትርፉ ላይ 15 በመቶ አለ። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆኑ ኪራዩን እዚያም ያስታውቃሉ፤ ለኬንያ የከፈሉት ግን ይታሰብልዎታል። በራስዎ ስም የተያዘ ቤት ብቻውን የውጭ ሒሳብ ሪፖርት አያስፈልገውም። ኪራይ የሚገባበት የኬንያ ባንክ ሒሳብ ከከፈቱና ውጭ ያለዎት ሒሳብ ሁሉ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ግን ማስታወቅ አለብዎ። ይህን የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ።

ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም። ጡረታ ስትወጡ ጠቅልላችሁ ለመግባት ካሰባችሁ ፈቃዱ ለብቻው ነው የሚጠየቀው።

አልጠየቁኝም እንጂ አንድ ነገር ቀርቷል፤ ልጆችዎ። ኬንያ ውስጥ ያለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውርስ የሚዳኘው በኬንያ ሕግ ነው፤ ሟቹ የትም ቢኖር። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለዎት ኑዛዜ ይበቃል ብለው አይተዉት። ቤቱን በሁለታችሁ ስም ስታደርጉ አንዳችሁ ስታልፉ ድርሻው በቀጥታ ለቀሪው ይሁን ወይስ ለወራሾች የሚለውን ጠበቃው ይጠይቃችኋል። መልሱን ከወዲሁ ተመካከሩበት። ከዚያ ለዚህ ቤት ብቻ የሚሆን ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት እዚያው ፈርማችሁ ተመለሱ። ቀድሞ አሜሪካ የጻፋችሁትን እንዳይሽር ሁለቱም ጠበቆች ይዩት።