ያለ ካቻቢቴ ስለሚታሰር ሽቦ፦ ከአዳማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

አሁን አሁን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ ማብሪያ ማጥፊያ ስትጠይቁ ሁለት ዓይነት ይቀርብላችኋል። አንዱ የለመድነው ባለ ብሎኑ ነው። ሌላው ጀርባው ላይ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ የተላጠው ሽቦ ሲገፋ ራሱ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ተነሥቶ የሚታጠፍ ትንሽ እጀታ ያላቸው የሽቦ ማገናኛዎች አሉ። እኔ እዚሁ አዳማ የቤት መስመር እዘረጋለሁ፣ ትናንሽ ማሽኖችም እጠግናለሁ። ስለነዚህ ነገሮች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹንና መልሶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብሎን የሌለው ነገር እንዴት አድርጎ ነው ሽቦ የሚይዘው? እኔ በእጄ ካላጠበቅኩት አላምንም።

መልስ፦ ውስጡ ትንሽ የስፕሪንግ ምላስ አለ። ሽቦውን ስትገፋው ምላሱ ይለጠጥና ያሳልፈዋል። ወዲያው በጠርዙ ነክሶ ከመዳቡ ሳህን ጋር ያጣብቀዋል። ምላሱ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ስለተቀመጠ፣ ሽቦውን ለማውጣት ስትጎትት ይበልጥ ይነክሳል።

ብሎን መጥፎ አይደለም። ችግሩ የሚጠብቀው አንተ ባጠበቅከው ቀን መሆኑ ነው። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ጫና ሲበዛበት ቀስ እያለ ይሸሻል። ጅረት ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ይለጠጣል። ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል። ይሄ ሲደጋገም ብሎኑ ባለበት ይቀርና ሽቦው ይላላል። ስፕሪንግ ግን ሽቦው ትንሽ ቢሸሽም ተከትሎት ይሄዳል። ንዝረት ባለበት ማሽን ላይ ደግሞ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ሐሳቡም የትናንት አይደለም፤ ዋጎ የሚባለው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ሚንደን ከተማ ላይ የተመሠረተው ሽቦን በስፕሪንግ የሚይዝ ማገናኛ ይዞ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ሽቦ ነው የሚገባበት? ቤቴ የተዘረጋው ብዙ ክር ያለው ፍሌክሲብል ነው።

መልስ፦ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ምንም መጫኛ የሌለው ዓይነት የሚፈልገው አንድ ወጥ የሆነውን ጠጣር ሽቦ ነው። ምላሱን ገፍቶ ለመግባት ሽቦው ራሱ ጥንካሬ ያስፈልገዋል። ፍሌክሲብሉን እንዲሁ ብትገፋው ክሮቹ ይታጠፋሉ፣ ይበተናሉ። ግማሾቹ ይገባሉ፣ ግማሾቹ ደጅ ይቀራሉ። ደጅ የቀረች አንዲት ክር ደግሞ ጎረቤቷን ሽቦ ነክታ ኮንታክት ልትፈጥር ትችላለች።

መጫኛ ቁልፍ ወይም የሚነሣ እጀታ ያለው ከሆነ ፍሌክሲብሉም ይሄዳል። እጀታውን አንሥተህ ታስገባለህ፣ ትመልሰዋለህ፣ አለቀ። ሌላው መንገድ ጫፉ ላይ ትንሽ የመዳብ ቱቦ አልብሶ በመጭመቂያ ፒንሳ መጭመቅ ነው። ፌሩል ይሉታል። ያኔ ፍሌክሲብሉ እንደ ጠጣር ሽቦ ተገፍቶ ይገባል፤ ዕቃው ፌሩል የሚቀበል መሆኑን ብቻ ጀርባው ላይ ካለው ጽሑፍ አረጋግጥ። እንግዲህ ያለ መሣሪያ ይታሰራል የተባለው ዕቃ በፍሌክሲብል ከመጣህ አንድ መሣሪያ ይጠይቅሃል ማለት ነው።

ውፍረቱንም እይ። ለመብራት የተለመደው 1.5 ካሬ ሚሊ፣ ለሶኬት ደግሞ 2.5 ነው። ከተጻፈው በላይ የወፈረ ሽቦ በጉልበት አይገባም፤ ከተጻፈው በታች የቀጠነ ደግሞ ይገባል እንጂ አይያዝም።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ልላጥ? በግምት ነው የምሠራው።

መልስ፦ በግምት አይሆንም፣ ወንድሜ። ብሎን ላይ ትንሽ ቢበዛ ቢያንስ ታልፈዋለህ፤ እዚህ ግን የሥራው ግማሽ ልኩ ነው። ባለ እጀታው የዋጎ 221 ለምሳሌ 11 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ማብሪያ ማጥፊያዎች ብዙ ጊዜ ጀርባቸው ላይ የተቀረጸ መለኪያ አላቸው። ሽቦህን እሱ ላይ አስተኝተህ በጥፍርህ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ላጥ።

ካነሰ ምን ይሆናል? ፍራንኮ አካባቢ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የሳሎኑ መብራት በር በተዘጋ ቁጥር ብልጭ ይላል። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ማብሪያውን ፈትቼ ሽቦውን ሳወጣው የተላጠው መዳብ ከ5 ሚሊ አይበልጥም። ስፕሪንጉ የነከሰው ፕላስቲኩን ነበር፤ ጥርሱ ልባሱ ላይ ታትሟል። የመዳቡ ጫፍ ብቻ ሳህኑን ነካ ለቀቅ እያደረገ ያን ሁሉ ጊዜ መብራት ሲሰጥ ቆይቷል። ጫፉ ጠቁሮ ነበር። ቆርጬ፣ በልኩ ልጬ መለስኩት፤ በሩ እንደልቡ ቢዘጋ መብራቱ ዝም አለ።

ከበዛ ደግሞ መዳቡ ደጅ ይታያል፣ እጅ ይነካዋል። ሥራህን ጨርሰህ ስታየው ከቀዳዳው ውጪ ራቁቱን የቀረ መዳብ መኖር የለበትም። ስትልጥም መዳቡን አትቁረጠው። በቢላ ዙሪያውን የተቆረጠ ጠጣር ሽቦ ስታጥፈው እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የምጣዴ ሶኬት በየጊዜው ይቀልጣል። በዚህ በአዲሱ ባስቀይረው ይሻለኛል?

መልስ፦ አይ እማማ፣ ለምጣድዎ እሱን አልመክርዎትም። ምክንያቱን ልንገርዎት።

የእንጀራ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይወስዳል፣ የሚበልጥም አለ። 3500ን ለ220 ቮልት ስናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ነው። ተራ ሶኬት፣ በብሎንም ይታሰር በስፕሪንግ፣ የሚችለው የመጨረሻው ልክ እሱ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ለሰዓታት ይጋግሩበታል። አንድ የላላ ግንኙነት 0.1 ኦም ብቻ ቢቃወም እንኳ፣ በ16 አምፔር እዚያች ነጥብ ላይ 25 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ይሄ እኮ የትንሽ የመበየጃ ካውያ ጉልበት ነው፤ ሶኬትዎ ውስጥ ካውያ ተሰክቶ ሲውል ለምን አይቀልጥ? በዚያው ግንኙነት ላይ የ10 ዋት አምፖል ቢሆን ምንም አይሰማዎትም ነበር።

ስለዚህ ምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ መስመር ይምጣለት፤ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ መጨረሻውም በደንብ የጠበቀ ባለ ብሎን ተርሚናል። የሚሠራልዎት ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ብሎኖቹን ያጥብቅልዎ። ሶኬቱ አሁንም የሚሞቅ ከሆነ እስኪሠራ ድረስ አይጋግሩበት፣ እባክዎ።

ጥያቄ፦ በአዲሱ ሶኬት 2.5 ሽቦ አስገብቼ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ብሰካስ?

መልስ፦ ይሆናል። ዕቃው 16 አምፔር የሚል ከሆነና በልኩ ከላጥክ ችግር የለውም። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ይላላል፣ ይሞቃል የሚለውን የአሜሪካኖችን ወቀሳ አንብበህ ሊሆን ይችላል። የእነሱ ሶኬት ጀርባ ላይ ያለው ቀዳዳ ቀጭኑን ባለ 14 ቁጥር ሽቦ ብቻ እንዲቀበል የተገደበ ነው። በ120 ቮልት ስለሚሠሩም ለተመሳሳይ ዋት እጥፍ የሚጠጋ ጅረት ያልፍበታል። የእነሱን ወቀሳ እንዳለ ወደኛ ማምጣት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሽቦን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ምን ነውር አለው? ሁሌ የምንሠራው እንደዚያ ነው።

መልስ፦ በጥሩ እጅ የተጠመዘዘ ዓመታት ይቆያል። ግን የአዳማን ሙቀት ታውቀዋለህ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የኮርኒስ ሳጥን በቀትር ሲከፈት የናስትሮው ሙጫ ቀልጦ እጅ ላይ ይለጠፋል። ናስትሮው ራሱን ይፈታል፣ የነፋሱ አቧራ ደግሞ ሙጫው ላይ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ መዳቡን የሚሸፍን ነገር የለም።

ባለ እጀታው ማገናኛ እዚህ ላይ ዋጋውን ይመልሳል። ልባሱ ራሱ ነው፣ ናስትሮ አይፈልግም። ለአንድ ሽቦ አንድ ቀዳዳ አለው። ግልጽ ስለሆነ ሽቦው እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይንህ ታያለህ። ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተውም ሳይቆርጥ ይፈታዋል። ነገር ግን ውሃ አይከላከልም። ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የገባው ሽቦ እምቢ አለኝ፣ አልወጣም። ልስበረው?

መልስ፦ አትስበረው። ከቀዳዳው አጠገብ ትንሽ መጫኛ ወይም ጠባብ ስንጥቅ ይኖራል። መጫኛውን በጣትህ፣ ስንጥቁን በቀጭን ካቻቢቴ ተጭነህ ሽቦውን ሳብ። መጫኛ የሌላቸው ትናንሽ የጠጣር ሽቦ ማገናኛዎች ደግሞ ሽቦውን ግራ ቀኝ እያዞርክ ስትጎትተው ይለቃሉ። የወጣው ጫፍ የስፕሪንጉ ንክሻ አለበትና ቆርጠህ አዲስ ላጥ።

ጥያቄ፦ ፍሌክሲብሉን በካውያ ሊድ ቀብቼ ላጠንክረው?

መልስ፦ ተው። ሊድ ከመዳብም በላይ ለስላሳ ነው፤ ጫና ሥር ይሸሻል፣ ግንኙነቱ ይላላል። ፌሩል ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ማብሪያው በአንድ ምልክት ሥር ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለው። ፌዝና ኒውትራል ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! እንዲህ አስበህ ፌዝና ኒውትራል (ጅረት የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሽቦ) ብታስገባበት በቀጥታ ሾርት ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው። የተሠሩት ፌዙን ከዚህ ማብሪያ ወደሚቀጥለው እንድታሻግር ነው። አንዱ ላይ የመጣውን፣ ሌላው ላይ የሚሄደውን። ሁለት ሽቦ ጠምዝዘህ አንድ ቀዳዳ ውስጥ አትክተት። ተራ ማብሪያ ላይ ደግሞ ኒውትራል ጨርሶ አይገባም፤ የሚቋረጠው ፌዙ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ እጠግናለሁ። የበሩ ትንሽ ስዊች እንደ ምላስ ያለ ብረት ነው ያለው። እሱም ያለ ብየዳ ይታሰራል?

መልስ፦ አዎ፣ ያ ምላስ ለዚያ የተሠራ ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 2.8፣ 4.8 ወይም 6.3 ሚሊ ነው፤ ለክተህ ልኩን ሴቴ (ምላሱ ላይ የሚሰካውን ማገናኛ) ግዛ። ሴቴው ሽቦው ላይ በመጭመቂያ ይጨመቃል፣ ምላሱ ላይ ግን በእጅ ይሰካል። በጥርስ ወይም በተራ ፒንሳ አትጨፍልቀው፤ በልኩ ካልተጨመቀ እዚያው ይሞቃል። በቀላሉ የሚገባና የሚወጣ ሴቴ ደግሞ አልቋልና ጣለው። ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሣ፣ የቱ ሽቦ የት እንደነበረ ይጠቅምሃል። ሦስት ምላስ ያላቸው ትናንሽ ስዊቾች አንዱ የጋራ ነው፤ አንዱ ሳይነካ የተገናኘ፣ አንዱ ሲነካ የሚገናኝ። በሙልቲሜትር ድምፅ አረጋግጠህ መልስ።

ጥያቄ፦ የባጃጄ ፍሬን መብራት ስዊች ሽቦ በየሳምንቱ ይወልቃል። ባለ እጀታውን ላስገባበት?

መልስ፦ ባጃጅ ላይ ውሃና ጭቃ አለ፣ እሱ ደግሞ ክፍት ነው። በሴቴ አስጨምቀህ፣ በፕላስቲክ ልባሱ ሸፍነህ፣ ሽቦውን ከፍሬሙ ጋር እሰረው። የሚያወልቀው የተንጠለጠለ ሽቦ መወዛወዝ ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱን ማብሪያ ካስገባሁ በኋላ ኤልኢዲ አምፖሌ ጠፍቶም ብልጭ ብልጭ ይላል። ስፕሪንጉ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ማብሪያው በጨለማ የምትታይ ትንሽ መብራት አለችው? እሷ ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ጅረት ታሳልፋለች። ያ ጅረት አምፖሉ ውስጥ ይጠራቀምና ብልጭ ያደርገዋል። መብራት የሌለውን ማብሪያ ግዛ። እሷ ከሌለች ደግሞ ማብሪያው ኒውትራሉን እያቋረጠ እንዳይሆን አስመርምር።

ጥያቄ፦ ሱቅ ላይ ደህናውን ከደካማው በምን ልለይ?

መልስ፦ ካሬ ሚሊው፣ ቮልቱ፣ አምፔሩና የሚላጠው ልክ ላዩ ላይ የተጻፈበትን ምረጥ። ምንም ያልተጻፈበትን አትግዛ። ከቻልክ ቁራጭ ሽቦ ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገብተህ ጎትት። በጣትህ ጎትተህ ከወጣ መልስለት። ለአሉሚኒየም ሽቦ ደግሞ አምራቹ ይሆናል ብሎ ካልጻፈ አትጠቀምበት፤ አሉሚኒየም ላዩ ላይ ቶሎ ቅርፊት ያወጣል፣ ቅርፊቱ ደግሞ ጅረት አያሳልፍም።

ጥያቄ፦ መሣሪያ ካልያዝኩ ብሬከር ሳላጠፋ ብሠራስ? እጄ መዳብ አይነካም እኮ።

መልስ፦ ይነካል። የተላጠ ሽቦ ይዘህ ቀዳዳ ስትፈልግ ጣትህ ከመዳቡ ያለው ርቀት አንድ ሴንቲ ነው። ብሬከሩን አጥፋ፣ ቤተሰቡን ንገር፣ በቴስተር አረጋግጥ። ቴስተሩንም መጀመሪያ መብራት ባለበት ሶኬት ሞክረው፤ የሞተ ቴስተር ሁሉንም የጠፋ ያስመስላል። በቀለም አትተማመን፤ አሮጌ ቤት ውስጥ ጥቁሩ ፌዝ ሆኖ ታገኘዋለህ። መብራት ስለሄደም አትጀምር፣ ሳታስበው ይመጣል።

ሁሉንም ካስገባህ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ያዝና ጠበቅ አድርገህ ጎትት። ያልወጣው ተይዟል። ከዚያ ማብሪያውን ወደ ሳጥኑ ስትመልስ ሽቦዎቹን በዙር አጥፋቸው፤ ቀዳዳው ሥር ጥግ ላይ አትስበራቸው። ብሬከሩን መልስ፣ መብራቱን አብርተህ ግማሽ ሰዓት ቆይ፣ ሽፋኑን በእጅህ ዳስስ። ከሞቀ ብሬከሩን አጥፍተህ እንደገና ክፈተው።