«ውጣ» ወይስ «መውጫ»? ኤፍ 10 ላይ ምን ይጻፍ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በተርሚናል ውስጥ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ የፋይል ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 10 የእያንዳንዱን ቁልፍ ሥራ የሚናገር አንድ መስመር አለ። እኔ «ቅዳ፣ ሰርዝ፣ ውጣ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ሰውን አንተ ማለት ነውር ነው፤ ይቅዱ፣ ይሰርዙ፣ ይውጡ በል» አለችኝ። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ «መቅዳት፣ መሰረዝ፣ መውጣት» ባይ ነው። ለአንድ ቁልፍ ያለን ቦታ ስድስት ፊደል ብቻ ነው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ በሰዋስው በኩል ሦስታችሁም አልተሳሳታችሁም። የተለያያችሁት እዚያ መስመር ላይ የሚናገረው ማን እንደሆነ ስላልተነጋገራችሁ ነው።

የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን «ካርድዎን ያስገቡ» ሲል ተናጋሪው ማሽኑ፣ ሰሚው ሰው ነው፤ ስለዚህ «እርስዎ» ማለቱ ተገቢ ነው። ኤፍ 8 ላይ ግን አዛዡ ተጠቃሚው ነው፤ «ሰርዝ» የሚለው ኮምፒውተሩን ነው። በዚህ ዓይን ካየነው የባልደረባዎ ወቀሳ አይጸናም፤ ማሽንን አንቱ የሚል የለም። ችግሩ አንባቢው ይህን ስምምነት አለማወቁ ነው። ሌሎቹ ቁልፎች ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ኤፍ 10 ላይ ሲደርስ ግን ያፈጣል። «ውጣ» ተብሎ የተጻፈበትን ነገር ያየ ሰው ከቤት የተባረረ ያህል ነው የሚሰማው። «ይውጡ» ቢሉትም ያው መባረር ነው፣ በአክብሮት። ለሴት «ውጪ» እንበል ካሉ ደግሞ ቃሉ «ደጅ» ማለትም ስለሆነ ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል።

ለዚህ ቋንቋችን የቆየ መልስ አለው። የሕንፃ በር ላይ «መግቢያ»፣ «መውጫ» እንጂ «ግባ»፣ «ውጣ» አይጻፍም። ግድግዳ ላይ ያለውን የመብራት ቁልፍ ሰው ሁሉ «ማብሪያ ማጥፊያ» ይለዋል። በጣት የሚነካን ነገር አማርኛ የሚሰይመው በሥራው መሣሪያነት ነው፤ ይህን የቃል ዓይነት ሰዋስው ስመ መሣሪያ ይለዋል። ኤፍ 10 ደግሞ ቁልፍ ነው፤ «መክፈቻ» የሚለውን ቃል የፈጠረ ቋንቋ ለቁልፍ ስም ለመስጠት አይቸገርም። እንግዲህ «መቅጃ፣ መሰረዣ፣ መውጫ» በሉ። ጾታ የለበትም፣ አንተና አንቱ የለበትም፣ ማንም ማንንም አያዝም።

«መሰረዝ» የሚለው የጓደኛችሁ ሐሳብም ከትእዛዙ የተሻለ ነው። ሆኖም «መሰረዝ» የድርጊቱ ስም ነው፤ በመመሪያው ውስጥ «ፋይል መሰረዝ» ተብሎ ለርዕስ ያምራል። ቁልፉ ግን ድርጊቱ ሳይሆን ማድረጊያው ነው። በብዙዎቹ ቃላት ልዩነቱ የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ስለሆነች የቦታ ዕዳም የለባችሁም፤ ዝ ወደ ዣ፣ ጥ ወደ ጫ፣ ት ወደ ቻ፣ ስ ወደ ሻ ትለወጣለች፦ መሰረዣ፣ መምረጫ፣ መክፈቻ፣ መመለሻ።

ስለ ቦታው ብዙ አትጨነቁ። ይህ የግርጌ መስመር በ1986 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከኖርተን ኮማንደር፣ ኋላም ከሚድናይት ኮማንደር ከተባሉት የፋይል ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች የተለመደ ነው። የስክሪኑ ስፋት 80 ዓምድ (የፊደል ቦታ) ለአሥር ሲካፈል ስምንት ስምንት ይደርሳል፤ ሁለቱን ቁጥሩ ሲወስድ ስድስት ይቀራል። እንግሊዝኛ በዚህ ጥበት ተጨንቆ ኤፍ 6ን «ሬንሙቭ» ብሎ ሁለት ቃል («ሪኔም» እና «ሙቭ») ቆራርጦ አጣብቋል። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ስለሚይዝ «መሰረዣ» አራት ቦታ ይበቃዋል፤ እንግሊዝኛው ለዚያው ሥራ ስድስቱንም ይጨርሳል። አሥራ ሁለት ቁልፍ ደርድሮ ለእያንዳንዱ አምስት ዓምድ ብቻ በሚሰጠው የኤንከርስስ (የጽሑፍ ስክሪን መሥሪያ የፕሮግራም ስብስብ) አሠራር እንኳ «ማስቀመጫ» ልክክ ብሎ ይገባል።

ሙያዬ ባይሆንም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ስልት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ነው። ፕሮግራማችሁ ዓምድ መቁጠሩን ትቶ ባይት እየቆጠረ ስምንተኛው ላይ ከቆረጠ፣ ከ«ማስቀመጫ» የሚተርፈው «ማስ» እና አንድ የተሰበረ ምልክት ነው። የትርጉም ሥራችሁ የተበላሸ መስሏችሁ ቃል ማሳጠር እንዳትጀምሩ። ፊደሉ በስሌት እንደ ላቲኑ አንድ ዓምድ ይያዝ እንጂ እንደ «ጨ» ያለው ሰፊ ፊደል በአንዳንድ ፎንት ተጨፍልቆ ስለሚታይ፣ ስክሪኑ ላይ በዓይን አይታችሁ ወስኑ።

አሁን ወደ ቃላቱ። «መቅጃ» ውሃ ማጥለቂያውንም ያስታውሳል፤ አያስቸግርም፣ ጽሑፍም ውሃም ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀዳል። ኤፍ 4 «ማረሚያ» ቢባል ማረሚያ ቤት ትዝ የሚለው ቀልደኛ አይጠፋም፤ ይሳቅ፣ ቃሉ ትክክል ነው። የሚከብዳችሁ ከሆነ «ማስተካከያ» በስድስት ፊደል ይገባል፤ እኔ ግን አጭሩን እመርጣለሁ። ኤፍ 8ን «ማጥፊያ» እንዳትሉት፤ ኮምፒውተሩን የሚዘጋ ይመስላል።

ኤፍ 6 ስም መቀየርንም ቦታ መቀየርንም በአንድ ይዟል። እዚህ እንግሊዝኛ ያላገኘው ዕድል አለን። ቤት ወይም መኪና የሸጠ ሰው «ስም ላዛውር ነው» ይላል፤ «ማዛወር» ከዕቃም ከስምም ጋር ይሄዳል። ለፋይል ስም ለውጥ ፍጹም ልኩ ባይሆንም «ማዛወሪያ» ከሁለት የተቆራረጡ ቃላት ይሻላል።

ኤፍ 7 ላይ «አዲስ ማኅደር» ስምንት ቦታ ስለሚፈጅ አይገባም። አማርኛ ቃልን ከመሐል ቆርጦ መጣል አይወድም፤ በእዝባር (/) ያሳጥራል፣ እንደ ት/ቤት፣ እንደ መ/ቤት። «አ/ማኅደር» ልክ ስድስት ነው፤ «አ/አ» ማንበብ የለመደ ሰው የፊተኛዋን «አዲስ» ይላታል። ኤፍ 1 «እገዛ» ይሁን፤ ሁሉም አንድ መልክ ይያዝ ብላችሁ «ማገዣ» አትበሉ፣ ማንም አይለውም።

የቀረው ኤፍ 8 ሲጫን የሚመጣው ጥያቄ ነው። እዚያ ተናጋሪው ፕሮግራሙ ስለሆነ የባልደረባዎ ሥጋት እዚህ ቦታ አለው። «ፋይሉን ልሰርዝ?» ቢል ማሽኑ እኔ ባይ ይሆናል፤ «መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ደግሞ የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል። «ፋይሉ ይሰረዝ?» በሉ። መልሱም ሁለት ቃል ነው፦ «ይሰረዝ» እና «ይቅር»።